ታኬታው መጀመሪያ ጫማ ሰፊው ጋ ይሂድ!

የቅዳሜ ጠዋት ጨዋታ ነው፡፡ የመጀመሪያው አጋማሽ ሊያልቅ ጥቂት ደቂቃዎች ሲቀሩ የቀኝ መስመር ተጫዋቹ ኳሷን ለማሻማት እግሩን ይሰነዝራል፡፡ ኳሷ ወደ አንድ ወገን፣ የታኬታው ሶል ወደ ሌላ ወገን፡፡ ከሜዳው ዳር የቆመው ሁሉ በሳቅ ይፈርሳል፡፡ ልጁም አብሮ ለመሳቅ ይሞክራል፤ ከዚያ አፉን የከፈተ ጫማውን በእጁ አንጠልጥሎ፣ በካልሲው ጠጠሩን እየሸሸ ይወጣል፡፡ አሰልጣኙ ወደ ተጠባባቂዎቹ ዞሮ «አርባ አንድ ቁጥር የሚያደርግ ማነው?» ይላል፡፡ ጃን ሜዳም ይሁን ሌላ የሰፈር ሜዳ ዳር ቆሞ ኳስ ያየ የስፖርት ቤተሰብ ይህን ትዕይንት አሳምሮ ያውቀዋል፡፡

ከሳቁ በኋላ ያለውን ግን ልብ የሚለው ጥቂት ነው፡፡ ልጁ ማክሰኞ ልምምድ ላይ አይታይም፡፡ «የት ሄደ?» ሲባል «ጫማ የለውም» ይባላል፡፡ ሁለት ሳምንት ከቀረ ቦታውን ሌላ ይይዘዋል፡፡ ወር ከሞላው እሱም ራሱ ተስፋ ቆርጦ ይተወዋል፡፡ የአገሪቱ እግር ኳስ ስለ አሰልጣኝ ቅጥር፣ ስለ ሜዳ እጦት፣ ስለ ፌዴሬሽን ምርጫ ሲከራከር ውሎ ያድራል፡፡ ማስቲሹ ስለለቀቀ ታኬታ ግን ስብሰባ ጠርቶ የተነጋገረ አካል አለ ቢባል ማን ያምናል?

እውነቱን ለመናገር ጥፋቱ የልጁ አይደለም፡፡ ከመርካቶ ተገዝቶ የመጣው፣ ከሳጥኑ ሲወጣ እንደ ሙሽራ የሚያብረቀርቀው ታኬታ ላዩና ሶሉ የተያያዙት በሙጫ ነው፡፡ ነገሩ የርካሽ ዕቃ ጉዳይ ብቻ አይደለም፤ ዛሬ በዓለም ገበያ ላይ ያለው ታኬታ ውዱም ርካሹም በአብዛኛው የሚሠራው እንዲሁ ነው፡፡ ፋብሪካዎች ከድሮው ስፌት ወደ ሙጫ የዞሩት ጫማው እንዲቀልና ሥራው እንዲፈጥን ብለው ነው፡፡ ለስላሳ ሳር ላይ ለሚጫወትና አንዱ ሲያረጅ ሌላ ለሚቀርብለት የአውሮፓ ተጫዋች ይህ ምንም አይደለም፡፡ ለሱ ቁም ነገሩ የጫማው መቅለል ነው፡፡ በበጋ ጠጠርና አቧራ፣ በክረምት ጭቃ ላይ የሚሮጠው የአዲስ አበባ ልጅ ግን ታኬታ የሚገዛው አርጅቶ ለታናሽ ወንድሙ እስኪተርፍ ድረስ ሊያደርገው ነው፡፡

ሙጫ ደግሞ ውሃ አይወድም፤ ሙቀት ጭራሽ አይወድም፡፡ ተጫዋች በሮጠ ቁጥር ጫማው ከጣቶቹ ሥር ይታጠፋል፣ ይዘረጋል፡፡ በአንድ ጨዋታ ይህ ስንት ጊዜ እንደሚደጋገም መገመት አያዳግትም፡፡ ከዚያ አቧራው በቀጭኗ ስንጥቅ ይገባል፡፡ አቧራ የገባበት ሙጫ ተመልሶ አይያዝም፡፡ አፍንጫው መጀመሪያ የሚከፈተውም ለዚህ ነው፡፡

የሰፈር ጫማ ሰፊዎች ይህንን ካወቁት ቆይተዋል፡፡ ብልህ ልጅም ታኬታ ሲገዛለት በቀጥታ ወደ ሜዳ አይሮጥም፡፡ በመጀመሪያ ጫማ ሰፊው ጋ ይሄዳል፡፡ ጫማ ሰፊውም «ምኑ ተበላሽቶ ነው?» ብሎ አይጠይቅም፤ «ዙሪያውን ነው ወይስ አፍንጫውን?» ብቻ ነው የሚለው፡፡

ሥራው ሲታይ ቀላል ይመስላል፡፡ ባለሙያው በቅድሚያ ጫማውን አገላብጦ ጠርዙን ያያል፡፡ ሶሉ ወደ ላይ ከፍ ብሎ ቆዳውን እንደ ሳህን ጠርዝ ያቀፈ ከሆነ ደስ ይለዋል፤ ወስፌው የሚይዘው ሥጋ አገኘ ማለት ነው፡፡ የውስጡን መርገጫ ያወጣል፡፡ በሶሉ ጠርዝ ላይ በቢላ ጫፍ ቀጭን ቦይ ይከፍታል፡፡ የሥራው ግማሽ ይህች ቦይ ነች፡፡ ክሩ እዚያ ውስጥ ሰምጦ ካልተቀመጠ ጠጠሩ እየፈገፈገ ይበጥሰዋል፣ የተከፈለው ገንዘብም አብሮ ይሄዳል፡፡ ከዚያ የናይለን ክሩን በሰም ያሻል፡፡ ሰሙ ክሩ እንዳይላላ፣ ቀዳዳውም ውሃ እንዳያስገባ ይረዳል፡፡ ስፌቱ ከአውራ ጣት ጎን ተነስቶ፣ አፍንጫውን ዞሮ እስከ ትንሿ ጣት ይዘልቃል፡፡ አቅሙ ያለው ተረከዙንም ጨምሮ ዙሪያውን ያሰፋዋል፡፡

እዚህ ላይ ስህተት የሚሠሩ አሉ፡፡ «ስፌቱን አብዛልኝ» የሚል ደንበኛ አይጠፋም፡፡ ቀዳዳዎቹ በጣም ከተጠጋጉ ግን ሶሉ እንደ ቴምብር ጠርዝ ይሆንና በስፌቱ መስመር ላይ ይቀደዳል፡፡ ጠርዝ የሌለውና ደረቅ ፕላስቲክ የሆነ ሶልም አለ፡፡ እሱ ላይ ወስፌ ሲገባ ይሰነጠቃል፡፡ አንዳንዱ ወስፌውን በእሳት አሙቆ ይበሳዋል፤ ቀዳዳው ይሰፋና ክሩ ይንጀላጀላል፡፡ ሐቀኛው ባለሙያ «ይሄ አይሰፋም» ብሎ ይመልሳል፡፡ ስለዚህ ታኬታ የሚገዛ ሰው ከቀለሙና ከጎኑ ላይ ከተለጠፈው ስም በፊት ጠርዙን ቢያይ ይሻለዋል፡፡ ሻጩ ቢስቅበት ይሳቅ!

አፉን ከፍቶ የመጣ ታኬታ ሲሆን ደግሞ ጥድፊያ አያዋጣም፡፡ ጨዋታው ሊጀመር አሥር ደቂቃ ሲቀር አቧራው ላይ ማስቲሽ ማፍሰስ ማስቲሹን ከመጣል አይተናነስም፡፡ አሮጌው ሙጫ ተፍቆ መውጣት አለበት፡፡ ሁለቱም ገጽ በብርጭቆ ወረቀት ሻከር ይደረጋል፡፡ ማስቲሹ በሁለቱም በኩል ስስ ሆኖ ይቀባል፣ እጅ ላይ መጣበቁን ሊተው ሲል ይገጠማል፣ በደንብ ይጫናል፣ ያድራል፡፡ ስፌቱ የሚመጣው በማግስቱ ነው፡፡

ጠባቂነቱ ደግሞ የባለቤቱ ነው፡፡ የረጠበ ታኬታ ከሰል ምድጃ አጠገብ ማድረቅ ሙጫውን በገዛ እጅ መፍታት ነው፡፡ ቀትር ፀሐይ ላይ ማስጣትም ያው ነው፡፡ የትናንት ጋዜጣ ጠቅጥቆ ጥላ ውስጥ ማሳደር በቂ ነው፤ ጋዜጣ ከተነበበ በኋላም ይህች ጥቅም አለችው፡፡ ጭቃ ለማራገፍ ሁለቱን ሶሎች ማጋጨት፣ ክሩን ሳይፈቱ ተረከዙን በሌላው እግር ረግጦ ማውለቅ፣ እነዚህ ሁሉ ልማዶች ጫማ ገዳይ ናቸው፡፡

አንዳንዱ «አበበ ቢቂላ በባዶ እግሩ አሸንፎ የለም እንዴ?» ይላል፡፡ አሸንፏል፡፡ ይሁን እንጂ ጀግናው እ.ኤ.አ. በ1960 ሮም ላይ በባዶ እግሩ የሮጠው የቀረበለት ጫማ ስላልተመቸው ነው፡፡ ከ4 ዓመት በኋላ ቶኪዮ ላይ የሚመቸውን ጫማ አድርጎ ሲሮጥ የዓለምን ፈጣን ሰዓት አስመዝግቧል፡፡ እንግዲህ የአበበ ታሪክ ራሱ ቢጠየቅ የሚመሰክረው ለማን ነው?

በእግር ኳስ ታሪክም የጫማ ጣጣ አዲስ አይደለም፡፡ እ.ኤ.አ. በ1938 የዓለም ዋንጫ ብራዚልና ፖላንድ ስትራስቡርግ ከተማ ላይ በጭቃ ሲፋለሙ ብራዚል በተጨማሪ ሰዓት 6ለ5 አሸንፋለች፡፡ በዚያ ጨዋታ ሦስት ግብ ያገባው ሊዮኒዳስ የታኬታው ሶል ተገንጥሎበት አንዷን ግብ በባዶ እግሩ እንዳስቆጠረ ለዓመታት ሲነገር ኖሯል፡፡ ነገሩን የሚጠራጠሩም አሉ፡፡ የዛሬው ሕግ ግን ለዚህ መልስ አለው፡፡ የጨዋታው ሕግ ቁጥር 4 እንደሚለው ጫማው በአጋጣሚ የወለቀበት ተጫዋች ኳሷ ቀጥሎ ከጨዋታ ውጪ ከመሆኗ በፊት ጫማውን መተካት አለበት፤ እስከዚያው ባለው ጊዜ ግብ ካስቆጠረ ግቡ ይጸድቃል፡፡ በሻይ ቤት ክርክር የሚነሳበት ሰው ይህቺን ይያዝ፡፡

ከሁሉም በላይ ለዚህ ጉዳይ የሚቀርበው ታሪክ ግን የ1954ቱ ነው፡፡ እ.ኤ.አ. ሐምሌ 4 ቀን 1954 በርን ላይ ምዕራብ ጀርመን በምድብ ጨዋታ 8ለ3 ከረታቻት ሃንጋሪ ጋር ለፍጻሜ ቀረበች፡፡ ዝናብ ይዘንብ ነበር፡፡ ገና በጨዋታው መጀመሪያ 2ለ0 ተመራች፤ በመጨረሻ ግን 3ለ2 አሸንፋ ዋንጫውን ወሰደች፡፡ ከቡድኑ ጋር አብሮ የተጓዘ አንድ ሰው ነበር፤ አሰልጣኝም ሐኪምም አይደለም፡፡ አዲ ዳስለር የሚባል ጫማ ሰሪ ነው፡፡ በብሎን የሚፈታና የሚታሰር ጥርስ ያለው ታኬታ ሠርቶ ስለነበር ሜዳው ሲጨቀይ ረዘም ያለ ጥርስ ገጠሙበት፡፡ ጀርመን ያሸነፈችው በጫማ ብቻ ነው ማለት የሃንጋሪንም የጀርመንንም ተጫዋቾች መናቅ ነው፡፡ ዳሩ ግን ጫማ ሰሪውን ከቡድኑ ጋር ይዞ ዓለም ዋንጫ የሄደ አሰልጣኝ የሚያስበው ነገር እንደነበረው አያከራክርም፡፡

ከፋብሪካ የመጣን ዕቃ ለራስ ሜዳ አስተካክሎ ማጠንከር የድሃ አገር ጣጣ ብቻ የሚመስለው ካለ ደግሞ ወደ ሌላ ስፖርት ዞር ይበል፡፡ በአሜሪካና በካናዳ የፓሲፊክ ዳርቻ ሳልመን የተባለውን ዓሣ የሚያጠምዱ ሰዎች በትንሽ ዓሣ መልክ ተሠርቶ በቀለም ያሸበረቀ ማጥመጃ ይገዛሉ፡፡ ትልቁ የሳልመን ዓይነት ከ20 ኪሎ በላይ ሊመዝን ይችላል፤ ሲንፈራገጥ ቀጭኑን ባለ ሦስት ጫፍ መንጠቆ ያቃናዋል፣ መንጠቆውን የያዘችውንም ቀለበት ይከፍታታል፡፡ ስለዚህ ብዙዎቹ ገና ወንዝ ሳይወርዱ ቤታቸው ተቀምጠው መንጠቆውን ፈትተው ወፍራም ባለ አንድ ጫፍ ያስገቡበታል፣ ቀለበቱን በጠንካራ ይቀይራሉ፣ ቀለሙን ጥርስ እንዳይልጠው በቫርኒሽ ይሸፍኑታል፡፡ ፋብሪካው ለሱቅ መስኮት ይሠራል፤ እነሱ ለዓሣው ጥርስ ይሠሩታል፡፡ አንድ ነገር ግን ይጠነቀቃሉ፡፡ መንጠቆው ከመጠን በላይ ከከበደ ማጥመጃው ውሃ ውስጥ እንደ ዓሣ መወዛወዙን ይተዋል፣ ያኔ የማይሰበር ግን ምንም የማይዝ ዕቃ ይሆናል፡፡ ስለዚህ ካጠነከሩት በኋላ አጠገባቸው ውሃው ውስጥ ጎትተው አዋዋኙን ያያሉ፡፡

የጃን ሜዳም ጥንቃቄ ይኸው ነው፡፡ ከአሮጌ የመኪና ጎማ በረባሶ ሠርቶ አገር ያለበሰ ሙያ ያለበት ሕዝብ ታኬታም ላይ ጎማ ቢለጥፍ አይደንቅም፡፡ ጎማ የተለጠፈበት ታኬታ አይሞትም፡፡ ግን ይከብዳል፣ አይታጠፍም፤ ልጁ በሃያኛው ደቂቃ እግሩን ድንጋይ የታሰረበት ያህል ይጎትታል፡፡ ከዚህ የባሰው ደግሞ ሚስማር ነው፡፡ የወለቀ ጥርስ በሚስማር የሚመታበት ጊዜ አለ፤ ሚስማሩ ወደ ላይ ከመጣ የባለቤቱን እግር፣ ወደ ታች ከወጣ የተጋጣሚውን ቅልጥም ይጠብቃል፡፡ ሕግ ቁጥር 4 አደገኛ ነገር አድርጎ መጫወትን ይከለክላል፡፡ በሰፈር ውድድሮች ግን ከጨዋታ በፊት ሶል ገልብጦ የሚያይ ዳኛ ስንቱ ነው?

ጥርሱን በተመለከተ የሚታለፍ ሌላ ነገር አለ፡፡ በታኬታ ሳጥን ላይ የሚጻፉት ፊደላት ጌጥ አይደሉም፡፡ «ኤስ ጂ» የሚለው ለረጠበ ለስላሳ ሜዳ፣ «ኤፍ ጂ» ጠንከር ላለ የተፈጥሮ ሳር፣ «ኤ ጂ» ለሰው ሰራሽ ሳር፣ «ቲ ኤፍ» ደግሞ አጫጭር ጥርሶች ለበዙበት ጫማ የሚሰጥ መለያ ነው፡፡ ሣር ለሌለው ደረቅ ሜዳ የሚሻለው ይህ የመጨረሻው ነው፡፡ ረጅም ጥርስ በደረቅ መሬት ላይ አይሰምጥም፤ ክብደቱ በሙሉ በጥቂት ነጥቦች ላይ ያርፍና የውስጥ እግርን ያሳምማል፡፡ ባለፉት ዓመታት በአዲስ አበባ ሰፈሮች በተሠሩት የሰው ሰራሽ ሳር ሜዳዎች ላይ ደግሞ ነገሩ ይገለበጣል፡፡ ረጅሙ ጥርስ ሳሩን ጨምድዶ ይይዛል፣ ገላ ሲዞር እግር ይቀራል፣ ጉልበት ይጣመማል፡፡ ወጌሻዎች ቢጠየቁ ይናገሩታል፡፡ ስለዚህ ማጠንከር ሲባል ሶሉን ማስፋት ብቻ አይደለም፤ የትኛው ሜዳ ላይ እንደሚለበስ ማወቅም ነው፡፡

ወደ ክለቦቹ ሲመጣ ጉዳዩ የበጀት ነው፡፡ በ2011 ዓ.ም. ክረምት ፌዴሬሽኑና ክለቦች የአንድ ተጫዋች የወር ደመወዝ ከ50 ሺህ ብር እንዳይበልጥ ተስማምተው ነበር፡፡ ጣሪያ ያስፈለገው ገንዘቡ ጣሪያ ስለነካ ነው፡፡ በዚያው ቤት የታዳጊ ቡድን ትጥቅ የሚገዛው በጨረታ ነው፤ አሸናፊው ዝቅተኛ ዋጋ ያቀረበው ነው፡፡ ሳጥኑ ይመጣል፣ ሁሉም አርባ አንድና አርባ ሁለት ቁጥር፡፡ የ14 ዓመቱ ልጅ ሁለት ካልሲ ደርቦ ይገባበታል፡፡ ሙጫው በወሩ ይለቃል፡፡ የትጥቅ ኃላፊው «ተሰጥቷል» ብሎ ያስፈርማል፣ መዝገቡ ይዘጋል፡፡ ጥገና የሚባል መስመር በጀቱ ውስጥ ስለሌለ ልጁ ለጫማ ሰፊው የሚከፍለውን ከየት እንደሚያመጣ የሚጠይቅ የለም፡፡

ይህን ለማስተካከል ጥናትም ሴሚናርም አያስፈልግም፡፡ የጨረታው ሰነድ ላይ «ጠርዙ ስፌት የሚይዝ» የሚል አንድ ሐረግ ይግባ፡፡ ታኬታው ለልጆቹ ከመታደሉ በፊት ከመጋዘን በቀጥታ ጫማ ሰፊ ጋ ይሂድ፡፡ እያንዳንዱ የታዳጊ ፕሮጀክት ከሜዳው አጠገብ ከተቀመጠው ጫማ ሰፊ ጋር በወር ይስማማ፤ ክለብ ሹፌርና ዘበኛ እንደሚቀጥረው ሁሉ ማለት ነው፡፡ ለጫማ ሰፊውም ቋሚ ገቢ ነው፡፡ በሻንጣቸው ያገለገለ ታኬታ ይዘው የሚመጡ ውጭ ያሉ ወገኖችም ልባቸው ይመስገን፤ ባለ ብረት ጥርሱን እዚያው ትተው አጫጭር ጥርስ ያለውንና የታዳጊ ቁጥሩን ቢያመጡ ግን ስጦታው ከእግር ይደርሳል፡፡

«የተሰፋ ታኬታ ያሳፍራል» የሚሉ ልጆች አሉ፤ በተለይ በጥቁር ጫማ ላይ ነጭ ክር ሲሆን ሜዳው ዳር ያለው ተመልካች አይምርም፡፡ ጥቁር ክርም ዋጋው ያው ነው፡፡ ክረምት ሲገባ የየሰፈሩ ዋንጫ ይጀመራል፣ ጭቃው ይመጣል፡፡ ከመጀመሪያው ጨዋታ በፊት ባለው ሳምንት ጫማ ሰፊዎቹ ፊት ወረፋ ይኖራል፡፡ ሙጫ እስኪያዝ ማደር ስላለበት ጫማውን ዓርብ ማታ ሳይሆን ረቡዕ መውሰድ ነው የሚያዋጣው፡፡